«ማሳዎ ተበልቷል» ያልኩበት ቀን

መርሳ ከተማ ጋራዥ ሥራ የገባሁ ዕለት አለቃችን ጋሽ ሞላ ካቻቢቴ ሰጠኝና «አንቺ፣ ይኼ ወጥ ማማሰያ አይደለም፤ ተግባባን?» አለኝ። «አውቃለሁ፤ ወጥ የማማስለው በእንጨት ነው» አልኩት። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር፤ አለፍኩ።

መጀመሪያ ዕቃ አቀባይ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ ረዳት፣ በኋላ ኤሌክትሪሺያን ሆንኩ። በጋራዡ ደንብ ሞተር የሚነካው ሜካኒክ ነው፤ ሽቦ የሚነካው ኤሌክትሪሺያን ነው። ሥራው ሲበላሽ ደግሞ ሁለቱም ጣታቸውን ወደ ሌላው ይቀስራሉ።

ጋሽ ሞላ በሙያው የሚታማ ሰው አልነበረም። ግን አንድ ዐመል ነበረችው። መኪና ጋለ ከተባለ ቴስታታውን፣ ማለትም የሞተሩን የላይኛውን ክፍል፣ ሳያወርድ እንቅልፍ አይወስደውም።

አንድ ጠዋት ሐጅ እንድሪስ የሚባሉ ገበሬ አሮጌ ፒክአፓቸውን ቲማቲም ጭነው ከውርጌሳ መጡ። ወልድያ ገበያ ሊያደርሱ ነው። ያለፈውን ሰብላቸውን አንበጣ ስለጨረሰባቸው ቤተሰቡ ያቺን ቲማቲም ነበር የሚጠብቀው። ቲማቲሙ ደግሞ በደንብ ቀልቷል፤ ቶሎ ካልተሸጠ መበስበሱ ነው።

«ልጄ፣ ሙቀቱ ጣራ ነክቷል። ውሃ ብጨምርለትም እንቢ አለኝ» አሉኝ። የሙቀት ጌጁ ቀስት እውነትም ቀዩ ላይ ተለጥፏል።

ጋሽ ሞላ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍት «ጓርኒሲዮን ነው፤ የቴስታታው ማሸጊያ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ይወርዳል» ብሎ ፈረደ።

«ለዛሬ ይደርሳል?» አሉ ሐጅ።

«ዕቃው ከደሴ ሲመጣ፣ ምናልባት በሳምንቱ።»

ሐጅ ዞር ብለው ቲማቲሙን አዩና «ያ አላህ!» አሉ። አንጀቴን በሉት።

ራዲያተሩን በእጄ ነካሁት። ሞቅ ብሏል እንጂ አያቃጥልም። ውሃውም አይፈላም። «ጋሽ ሞላ፣ ይኼ ሞተር ካንተ ይቀዘቅዛል» አልኩት። «ታዲያ ቀስቱ ይዋሻል?» አለኝ። ሞተሩ ላይ ሆኖ ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረውን ቡልቦ ጠረጠርኩና በአዲስ ቀየርኩት። ቀስቱ ከቀዩ ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ሞላ ደስ ብሎት መፍቻዎቹን መደርደር ጀመረ።

የፊት መብራቱ እንደበራ ያየሁት ያኔ ነው። ሐጅ ገና ሳይነጋ ተነስተው ማጥፋቱን ረስተውታል። «ሐጅ፣ ፀሐይዋ አልበቃችዎትም እንዴ?» ብዬ እያሾፍኩ አጠፋሁት። ቀስቱ ወደ መሃል ወረደ። አበራሁት፤ ቀዩ ላይ ወጣ። ወዲያው ጌጆቹ ያሉበት ሰሌዳ፣ ክሩስኮቱ፣ ሥር ገብቼ በስልኬ መብራት አየሁ። ከጀርባው የሚወጣውን አንዱን ሽቦ ዝገት በልቶታል። ከደስታዬ ብዛት እዚያው ሆኜ ጮህኩ፦

«ሐጅ! ማሳዎ ተበልቷል!»

ሐጅ ግድግዳ ተደገፉ። «ማሳዬ? ማን ደወለልሽ? ደግሞ አንበጣ ገባ?» ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ቤታቸው ሊደውሉ ተጣደፉ።

እኛ ማሳ የምንለው ከክሩስኮቱ ጀርባ ወጥቶ የመኪናው ብረት ላይ የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ሽቦ ነው። ከጣሊያን የቀረ ቃል ነው። ለሌላው ሕዝብ ማሳ እርሻ መሆኑ ጭራሽ ትዝ አላለኝም። ጋሽ ሞላ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔ የሰውዬውን ፊት ሳይ ደነገጥኩ፤ አፈርኩም።

«አይደለም፣ ሐጅ! የመኪናው ሽቦ ነው! እርሻዎ ደህና ነው!»

ጎማ ላይ ቁጭ አሉና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ወላሂ ገድለሽኝ ነበር» አሉኝ። ቀና ብለው ሲያዩኝ ግን እኔ ከሳቸው በላይ ደንግጬ ሳልታያቸው አልቀረሁም። «አብሽሪ፣ ልጄ። ከአንበጣ ዝገት ይሻላል።»

ክሩስኮቱን ፈታሁ። ማሳው ስለተበላ፣ ከፊት መብራቱ ጋር የሚበራው የክሩስኮቱ መብራት ኃይል መውጫ አጥቶ በጌጁ በኩል ይሄድና ቀስቱን ወደ ቀይ ይገፋው ነበር። ዝገቱን ፍቄ አዲስ ሽቦ አሰርኩ። መብራቱ በርቶም ቀስቱ መሃል ላይ ቆመ። ሐጅ ወዲያው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በኋላ ከወልድያ ደወሉልኝ፤ ቲማቲሙ እንዳለ ደርሷል። ጋሽ ሞላ የሚከፍተው ቢያጣ የምሳ ዕቃውን ከፈተ።

ለአዲስ ባለሙያዎች የምለው ይህን ነው። ቀስቱ ቀይ ላይ ሲወጣ መጀመሪያ ሞተሩ መጋሉን አረጋግጡ። ካልጋለ መብራቱን አብርታችሁ አጥፉ፤ ቀስቱ አብሮ ከተንቀሳቀሰ ማሳውን ፈትሹ። ባለመኪናው ገበሬ ከሆነ «የኔጌቲቭ ሽቦ» በሉ።