የተገለበጠው ሌንስ

ፈሂማ ለልጇ ሰርግ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል፣ ሟች እናቷ የሰፋችውን የመሰለ ሰፌድ ልትሰፋ ብትሞክር ስፌቱ እምቢ አላት። ሸዋ በር ሰፈር ፎቶ ቤት ወዳላት ወደ ጽጌሬዳ የእናቷን አሮጌ ሰፌድ ይዛ ሄደች፤ «አጉልተሽ አንሺልኝ» አለቻት። ጽጌሬዳ ካሜራዋን ባስጠጋች ቁጥር ምስሉ ደበዘዘ።

«የቅርብ ማንሻ ሌንስ ሳይኖርሽ አትድከሚ» ሲል ጎረቤቷ አባይነህ ሳቀባት።

«ድካሙንስ ለምጄዋለሁ» አለችና ሌንሷን ፈታች። የፊቱን ወደ ኋላ ገልብጣ ካሜራው ላይ በእጇ ደግፋ ያዘችው፤ ሰፌዱን ልትነካው እስክትደርስ ጎንበስ አለች። ስታነሳው ስፌቱ በምስሉ ላይ እንደ ገመድ ወፍሮ ወጣ።

ፈሂማ ምስሉን አይታ ጮኸች። «ወላሂ! የአክርማው ሳር ወደ ግራ ነው የሚዞረው! የእናቴን ግራኝነት ረስቼ በቀኝ ስለፋ!»

በሰርጉ ዕለት አሮጊቶቹ ወደ ግራ እያዞረች የሰፋችውን አዲስ ሰፌድ አይተው፣ «የእናትሽ እጅ!» ብለው እልል አሉ።