የሙሽራዋ ቮልስ

ባለፈው እሁድ ልጄ መኪናው ውስጥ ገብቶ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ስልኩ በራሱ ከመኪናው ጋር ተገናኝቶ ዘፈን ጀመረ። ሽቦ የለ፣ መፍቻ የለ፣ «እስቲ ያዝልኝ» የለ። ትንሽ ሳልቀና አልቀረሁም። እኛ ይህችኑ ለማድረግ ስንት ሰው አስቸግረናል!

በደርግ ጊዜ፣ ልጅ እያለሁ፣ ልደታ ማርያም አጠገብ ስንኖር አባዬ አንዲት ሰማያዊ ቮልስ ነበረችው። ቤንዚን በኩፖን ስለነበር ከምትነዳበት የምትታጠብበት ቀን ይበዛል። ውስጧ ፀሐይ የመታው ወንበርና ቤንዚን ይሸታል። ከፋብሪካ አብሯት የመጣ ሬዲዮ ነበራት፤ ካሴት ግን አያጫውትም። ታላቅ ወንድማችን ደረጀ መንዳት የተማረው በእሷ ነው። እህታችንን ፀሐይን «ስታገቢ ነድቼ የማወጣሽ እኔ ነኝ» ይላት ነበር። ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና ወሰደው።

የሰርጓ ቀን ሲቆረጥ ፈቃድ ጠይቆ ተከለከለ። በምትኩ ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ጓደኛው እጅ ካሴት ላከ። በዚያን ጊዜ ግንባር ያለ ሰው ድምፁን ቀድቶ መላኩ የተለመደ ነበር፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ ያዳምጣል፣ ይላቀሳል። ጓደኛው ግን «ይሄ የሚከፈተው መኪናዋ ውስጥ ነው፣ ስትወጣ» አለን። ፀሐይ ካሴቱን ተቀብላ ደበቀችው። «ደረጀ ካልሸኘኝ ከዚህ ቤት አልወጣም» አለች። እሷ ደግሞ አልወጣም ካለች አትወጣም።

የነበረን ደረጀ ትቶት የሄደው ዎክማን ብቻ ነው፤ እሱም በጆሮ ማዳመጫ ካልሆነ አይሰማም። አባዬ የጌጃ ሰፈሩን ሬዲዮ ጠጋኝ ጋሽ ኑረዲንን ለመናቸው። በሰርጉ ዋዜማ መጥተው ሬዲዮውን ነቀሉት፤ የማዳመጫውን ሽቦ ቆርጠው ከውስጡ ጋር በየዱት። መጠቅለያ ቢያጡ እናቴ የቁስል ፕላስተር አቀበለቻቸው። በሌላ ካሴት ሲሞክሩት ዘፋኙና ዜና አንባቢው እኩል ተነሱ! ጋሽ ኑረዲን ስቀው የሬዲዮውን መርፌ ምንም ጣቢያ ወደሌለበት ወሰዱት።

«በቃ፣ እዚህ ጋ ማንም አያወራም» አሉ። «ልጃችን ብቻ ነው።»

በማግስቱ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ መጥተው ሙሽሮቹን ከኋላ አስገቧቸው። እኔ ዎክማኑን ታቅፌ ከፊት ተቀመጥኩ። አባዬ ሞተሩን አስነሳ፤ እኔም የዎክማኑን ቁልፍ ተጫንኩ። ከሬዲዮው የወጣው ግን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት ነበር። ለካ የሞተሩ ጩኸት በሽቦው ይገባል! በዋዜማው ሞተሯ ሳይነሳ ስለሞከርናት ማናችንም አላሰብነውም። የፀሐይ ፊት ሲለዋወጥ አየሁ። ጋሽ ኑረዲን አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው «ያጥፉት፣ ያጥፉት ጌታው!» አሉ። አባዬ አጠፋው። ያኔ የወንድሜ ድምፅ መጣ።

«ፀሐይዬ፣ ተመቻችተሽ ተቀመጥሽ? ቀሚስሽን በሩ እንዳይበላው።»

ፀሐይ እያለቀሰች ቀሚሷን ሰበሰበች።

ሞተሩ ከተነሳ ደረጀ ይጠፋል፤ ካልተነሳ ደግሞ ሙሽራ ደጃፍ ላይ ቆማ ልትቀር ነው። አባዬ መሪውን እንደያዘ ዞሮ ፀሐይን አያት። ሙሽራው ወረደ፤ ኮቱን አውልቆ እኔ ላይ ጣለና ከኋላ መግፋት ጀመረ። ሚዜዎቹም ተከተሉት። አንዲት ጎረቤታችን «ውይ፣ በሰርጓ ቀን ባትሪ አለቀባት!» ብለው ሲያዝኑ ሰማሁ። አጃቢው ግን ነገሩ ሲገባው ጭፈራውን ዝቅ አደረገ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ደረጀ እህቱን ቀስ አድርጎ ነዳት።

«በይ እንግዲህ፣ እኔ እዚህ ጋ ልውረድ» አለ መጨረሻ ላይ። አባዬ ሞተሩን ያስነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ደረጀ አልተመለሰም። ሰፈራችንም ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ቆሞበታል። ካሴቱን ልጄ ወደ ስልኩ ገልብጦታል። ዛሬ ሁሉም ነገር በራሱ ይገናኛል፤ መግፋት የለም፤ እኔን ግን የሚናፍቀኝ ያ የገፋው ሰው ሁሉ ነው። እሁድ ዕለት ፀሐይን ይዘናት ልንወጣ ስንል ልጄ ዘፈኑን አቁሞ የደረጀን ድምፅ ሊከፍትልን ስልኩን አነሳ።

«ሞተሩን አጥፋው» አለችው ፀሐይ ከኋላ።

«አክስቴ፣ ይሄ መኪና እኮ ኤሌክትሪክ ነው፤ ሞተሩ ድምፅ የለውም።»

«ይሁን፣ አጥፋው።»

አጠፋው። ወንድሜ መናገር ከመጀመሩ በፊት ፀሐይ ቀሚሷን ከበሩ ሰበሰበች።