የአባቴ የጆሮ ምርመራ

አባቴ በሀዋሳ፣ ያኔ አዋሳ እያልን በምንጠራት ከተማ፣ የታወቀ ልብስ ሰፊ ነበር። በደርግ ዘመን ማኅበር ገብቶ የአብዮት ጠባቂውን ካኪም የተማሪውን ዩኒፎርምም ይሰፋ ነበር። ጆሮው እየከበደው መምጣቱን እኛ ልጆቹ ያወቅነው ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ መክፈት ሲጀምር ነው።

አንድ ደንበኛው ታዲያ የሟች አጎቱን የመስሚያ መሣሪያ ልሽጥልህ አለው። አባቴም ሊገዛ ቆረጠ። እኔ በመምህርነት ሥራ የጀመርኩበት ዓመት ነበር፤ ደፈር ብዬ፣ «አባባ፣ መነጽር እንኳን ዓይን ሳይታይ አይገዛም። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ» አልኩት።

«ስንቱን ስለካ ኖሬ ዛሬ እኔ ልለካ?» ብሎ ሳቀ። ቢሆንም እሺ አለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነበር። ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ዝግ ባለ ድምፅ ስለ ዕድሜው፣ ስለ ሥራው፣ ስለ ሕመሙ ጠየቀው። አባቴ አንዱንም ሳይስት መለሰ።

«ደህና ይሰማሉ እኮ» አለኝ ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ። ከዚያ ትንሽ አሰበና አፉን በካርዱ ጋርዶ እነዚያኑ ጥያቄዎች በዚያው ድምፅ ደገማቸው። አባቴ ዝም አለ።

ሐኪሙ ካርዱን ዝቅ አደረገ። «አባት፣ ለካ ከንፈር እያዩ ነው የሚመልሱት። ማን አስተማረዎት?»

«ማንም አላስተማረኝ። የስፌት መኪናው ሲጮህ የደንበኛውን አፍ ካላየሁ ሱሪው ያጥራል» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ከአጠገቡ ክፍል ባልደረባውን ጠርቶ፣ «እኚህን ሰው እያቸው» አለው። እኔ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ስንት ዓመት በአንድ ገበታ በልተን ይህን ችሎታውን አለማወቄ አሳፈረኝ፤ ኩራቴ ግን ከእፍረቴ በለጠ። የእሱ ልጅ መሆኔን ለዚያ ሁሉ ተራ ጠባቂ መናገር አማረኝ።

ሐኪሙ ጆሮውን በመብራት ሲያየው ቀኙ በደረቀ ኩክ ተደፍኗል። የግራው ግን ከውስጥ የደከመ ነው፤ መሣሪያ የሚያስፈልገው ለእሱ ብቻ ነው ተባለ። ጠብታ ተሰጠውና በሳምንቱ ሲታጠብ ቀኙ ተከፈተ። የደንበኛውን ነገር ነግሬው ስለነበር፣ «የሟቹን መሣሪያ ቢገዙት ኖሮ በኩኩ ላይ ይደፍኑት ነበር» አለው ሐኪሙ።

የምርመራውን ወረቀት ይዘን አዲስ አበባ ሄድን፤ መሣሪያው ለግራ ጆሮው ተስተካክሎ ተሰጠው። ሌላው ሰው በኮፍያ ይሸፍነው የነበረውን አባቴ በግልጽ አድርጎት ሥራ ገባ።

በዚያው ዓመት ከማኅበሩ ጆሮ የከበዳቸውን ሁለት ሰፊዎች ራሱ ይዟቸው ሐኪም ቤት ሄደ። አንደኛው መሣሪያ ሳያስፈልገው በጠብታ ብቻ ዳነ።