«ማን አለ?»

አባባ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ክፍለ ሀገር አንድ ሆስፒታል ውስጥ የጄኔሬተር ተረኛ ነበሩ። ሰዓታቸው ሲያልቅ በበሩ በኩል ኮቴ ይሰሙና በሞተሩ ጩኸት ላይ «ማን አለ?» ብለው ይጣራሉ። ተረካቢው «አለሁ!» ካላላቸው ቱታቸውን አያወልቁም።

ካናዳ፣ ካልጋሪ ከመጡ በኋላም ልማዱ አልለቀቃቸውም። ፋልከንሪጅ ካለው ቤታችን ቤዝመንት ሆነው «ማን አለ?» ይላሉ፤ እኔ ወይ እህቴ «አለሁ አባባ!» እስክንል አርፈው አይቀመጡም። እኔ ደግሞ ትዕግስት ብሎ ነገር አልፈጠረብኝም። «ኧረ አለን! የት እንሄዳለን?» እል ነበር፣ ጮክ ብዬ።

የምሠራው ኦግደን የሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ሐዲዱ አጠገብ ባለች ትንሽ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የፀሐይ ብርሃን እምብዛም ወደማይደርስበት ሩቅ ጠፈር ለሚላኩ መንኮራኩሮች የኃይል ምንጭ ኮንትሮለር ሠርተን እንፈትሻለን። እዚያ ሙቀቱ የሚመጣው ለዓመታት በራሱ ከሚግል የኑክሌር ነዳጅ ነው፤ እኛ ጋ ግን በነዳጁ ፈንታ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው ያለው። ሙቀቱ ፒስተን ያመላልሳል፣ ኮንትሮለሩ ፒስተኑን ልክ ያስይዘዋል። ለአፍታ ከዘነጋ ፒስተኑ ከግድግዳው ይላተማል፤ አበቃ። ስለዚህ ሁለት የኤሌክትሮኒክስ ካርድ አለው፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይረከባል።

ይህን ሳስረዳቸው አባባ ፊታቸው ጨፈገገ።

«እዚያ ድረስ ሲሄድ አብሮት የሚሆን ሰው የለም?»

«የለም አባባ። ካርዶቹ ናቸው እርስ በርስ ‹አለህ ወይ?› እየተባባሉ የሚጠባበቁት።»

ከት ብለው ሳቁ። «በል ተወኝ! የኛን ነው የሰረቃችሁት! ያውም ሳታስፈቅዱ!»

ባለፈው ዊንተር ሳንባቸው ታሞ ሆስፒታል ገቡ። ብቻቸውን እንዳይሆኑ ከእህቴ ጋር ተራ ገባን። አንድ ቀን እሷ ሥራ ቦታዋ የከሰዓት ሺፍት ስለነበራት ስምንት ሰዓት ላይ ልረከባት ተነጋገርን።

ያው ቀን ደግሞ ዋናውን ካርድ ሆን ብለን የምንነቅልበት ቀን ሆነ። ለወራት የለፋሁበት ነው። እህቴ ስትደውል «መንገድ ላይ ነኝ፣ አንቺ ሂጂ» አልኳት። ውሸቴን ነው። ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም ነበር። ስልኬን ሎከር ውስጥ ቆልፌ ተመለስኩ።

ልንነቅል ስንል የጭነት ባቡር መጣ። የመፈተሻ ጠረጴዛውን ስለሚያንቀጠቅጠው እስኪያልፍ መጠበቅ ግድ ነው። ፉርጎው አያልቅም! ያኔ ጥዬ መውጣት እችል ነበር። አልወጣሁም። አለፈ፤ ነቀልነው። ሁለተኛው ካርድ ወዲያው ተረከበ፣ ፒስተኑም አልተደናቀፈም። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄን ይቁረጠውና።

ሆስፒታል ስደርስ የአልጋቸው መጋረጃ ተጋርዷል። ነርሷ ገና ስታየኝ ክንዴን ያዘችኝ። ካረፉ ሩብ ሰዓት አይሞላም አለችኝ።

«‹ማናሌ፣ ማናሌ› እያሉ ሲጣሩ ነበር» አለችኝ። «በሩን በሩን እያዩ። ማናሌ ማን ነው? ልጃቸው ነው?»

ስም አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ትርጉሙን ከነገርኳት ግን መልሱንም ልነግራት ነው።

«አዎ» አልኳት። «እኔ ነኝ።»