የአያቴ ስም አየርላንድ ሲገባ

እኔ ላይ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም። ያን ክረምት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስል ምንጣፉን ጨረስኩት። አየርላንድ ውስጥ ለወጣት ተመራማሪዎች በተዘጋጀ የክረምት ትምህርት የአገሩን ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ሦስት ሳምንት እንድማር ተጠርቻለሁ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በአየርላንድ አጫጭር ልቦለዶች ላይ ነው፤ ከዚህ የበለጠ የምመኘው ነገር አልነበረም። ቪዛው ግን ተያዘ። ጥፋቱም የራሴ ነው።

የትምህርቱን ማመልከቻ ስሞላ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ጋ ስደርስ ሳላመነታ የአባቴን ስም ጻፍኩ። እኛ ዘንድ ሰው በራሱና በአባቱ ስም ነው የሚጠራው፣ ሌላ ምን ይጻፋል? ፓስፖርቴ ላይ ግን የቤተሰብ ስም ተብሎ የተቀመጠው የመጨረሻው፣ የአያቴ ስም ነው። የጥሪ ደብዳቤው በአባቴ ስም መጣ። ሁለቱ አልገጠሙም፤ ደብዳቤውን አሳርሚ ተባልኩ።

አባቴ ዕድሜውን ክር ፋብሪካ የፈጀ ጡረተኛ ነው። መነጽሩን አድርጎ ደብዳቤውን ደጋግሞ አየው። ከእንግሊዝኛው ሁሉ የለየው የራሱን ስም ብቻ ነበር።

«እኔን እኮ ነው የጠሩት» አለ እየሳቀ። «አንቺ ቤት ጠብቂ።»

ለቀልድ ትዕግስት አልነበረኝም። «ስምህን ከደብዳቤው እንዲያነሱት ጽፌላቸዋለሁ፣ አባዬ» አልኩት።

ሳቁን አቆመ። ወዲያው ጸጸተኝ፤ ግን እየጸጸተኝም ኢሜይሌን ማየት አላቆምኩም።

የታረመው ደብዳቤ መጣ። ቪዛው ግን ከሰኞ ወደ ሐሙስ፣ ከሐሙስ ወደ ሰኞ ይገፋል። በመጨረሻ ታክሲ ውስጥ ሆኜ መፈቀዱን የሚናገረው መልእክት ሲገባ፣ «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮኼ ያለ ሠፈሬ ሳሪስ አቦ ላይ ወረድኩ። ለምን እንደወረድኩ ዛሬም አላውቅም።

አየርላንድ ገብቼ ትምህርቱ በተጀመረበት ቀን መምህሯ ተማሪዎቹን በቤተሰብ ስም ጠራች። የአያቴን ስም ስትጠራ ዝም አልኩ። ደግማ ጠራችው። እኔም እንደሌሎቹ ዞር ብዬ ሰውየውን ፈለግኩት።

ምሳ ሰዓት ላይ ለአባቴ ደውዬ ይሄንኑ እየሳቅኩ ነገርኩት። አያቴ የሞተው አባቴ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ፎቶ እንኳ የለንም፤ ስሙን የማውቀው ቅጽ ስሞላ ብቻ ነው።

«አባቴን ጠሩት?» አለ።

«አዎ፣ ሁለቴ።»

«አንቺስ?»

«ዝም አልኳ! መቼ ለመድኩት?»

 

«የእኔንስ አስነሺው፣ ግድ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «እሱን ግን ሰው ከጠራው ስንት ዘመኑ! እኔ እንኳ አባዬ ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ነገ ሲጠሩት ዝም እንዳትዪ። አቤት በዪለት፣ ልጄ።»