የቴሌቪዥኑ ጭረት

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴን የተውኩት አምስተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ እጄ የለመደው መጥረጊያና ጨርቅ ነው። ሰው ፊት መናገርም አልችልም፣ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር። የማውቀው ስክሪን ማጽዳት ነው።

ጦርነቱ ሳይመጣ ካርቱም ውስጥ፣ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። እዚያ ያስገባችኝ ከወሎ፣ ከእኛው ቀበሌ፣ ቀድማኝ የመጣች ሴት ናት። እትዬ እላታለሁ። የቤቱን ሁለት ሴት ልጆች አዝላ ያሳደገቻቸው እሷ ናት። ልጆቹ ካደጉ በኋላ ግን "ሐቦባ" ይሏት ጀመር፤ በአገሩ ቋንቋ አያት ማለት ነው። የሚሉት በአክብሮት አልነበረም። በተጠራች ቁጥር ይሳሳቁባታል።

የቤቱን እመቤት ማማ ነበር የምንላት። ማማ ለስክሪኖቿ የነበራትን ፍቅር ለልጆቿ አይቼባት አላውቅም። ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳውን የሞላ ቴሌቪዥን አለ፣ ኮምፒውተር አለ፣ የልጆቹ ታብሌቶች አሉ። ሥራ በጀመርኩበት ቀን ጨርቅ በሳሙና ነክሬ ወደ ቴሌቪዥኑ ስጠጋ እጄን በጥፊ መታችው።

"የእናትሽ ኩራዝ መሰለሽ?" አለችኝ።

ከዚያ አስተማረችኝ፤ ስታስተምር በጣቷ ትከሻዬን እየወጋች ነው። መጀመሪያ አጥፊው። እስኪቀዘቅዝ ጠብቂ። ሲጠቁር አቧራው ራሱ ይታይሻል። በጨርቅ አትንኪው፣ የካርቱም አቧራ አሸዋ ነው፣ ጨርቅ ስር ገብቶ እንደ ምስማር ይፍቃል። በለስላሳ ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ሳትጫኚ አራግፊው። ከዚያ በኋላ ነው ጨርቅ፤ እሱም መነጽር የሚጠረግበት ዓይነት፣ ከፋርማሲ በሚገዛ የተጣራ ውሃ ለአመል ያህል የረጠበ። ወንዙ ሲሞላ የቧንቧው ውሃ ጭቃ ይመስላል፣ ቢደርቅም ነጠብጣቡ ይቀራል። ውሃውን ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አትርጪ። ጨርቁ መሬት ከወደቀ ከዚያ በኋላ የወጥ ቤት ጨርቅ ነው።

እትዬ በር ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። ኋላ ወጥ ቤት ስንገናኝ፣ "እኔን እንዲህ ያስተማረኝ የለም፤ በቀሚሴ ጫፍ ስጠርግ ነው የኖርኩት" ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ብዙም ሳይቆይ ነገሩ ገባኝ። እትዬ ጨው ስትፈልግ በእጇ እየዳበሰች ነው። ደረጃ ስትወርድ መጀመሪያ በእግሯ ጣት ትለካለች። አንድ ቀን ሩዝ ስንለቅም ጠጠሩን ትታ ደህናውን ስትጥል አየኋት። ማየቴን አወቀች።

"የዓይን ሞራ ነው" አለችኝ። "ቀኙ ጭራሽ ጠፍቷል። ለማንም እንዳትናገሪ። ካወቁ በዚያው ቀን ያስወጡኛል፤ በዚህ ዓይን ደግሞ ሌላ ቤት የሚቀበለኝ የለም።"

"እሺ እትዬ" አልኳት።

ከዚያ ወዲህ የእሷን ሥራ ከኋላዋ እየተከተልኩ እደግመው ነበር። እሷ የጠረገችውን እጠርጋለሁ፣ እሷ ያጠበችውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቼ አያለሁ። ማማ ብርጭቆውን አይታ ስታመሰግን እትዬን ነበር የምታመሰግነው። ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ሀቡብ መጣ። ሀቡብ ማለት እንደ ግድግዳ ቆሞ የሚመጣ የአቧራ ነፋስ ነው፤ መስኮቱን ብትዘጊም በስንጥቁ ይገባል። ሲያልፍ ቤቱ በሙሉ ቀይ ዱቄት የተነፋበት መሰለ። ያን ቀን ማታ ደግሞ የማማ እንግዶች ይመጣሉ። እኔን ሰገነቱን እንድጠርግ ላከችኝ፣ እትዬን "ሳሎኑን፣ የላ፣ ቶሎ" አለቻት።

የእኛ አገር ሴት የምትሳሳለትን ነገር የምትቋጥረው በልብሷ ጫፍ ነው። እትዬም እንደ ሱዳን ሴቶች ቶብ የሚባለውን ረጅም ጨርቅ ትለብስ ነበርና የጓዳውን ቁልፍ በቶቧ ጫፍ ቋጥራ ትይዝ ነበር። ማማ ያመነቻት በዚያ ቁልፍ ስለሆነ አንድ ቀን ፈትታው አታውቅም። ኋላ እንደገባኝ፣ ሳሎን ስትገባ አቧራውን አላየችውም። ብሩሹንም አልፈለገችም። እንደ ድሮዋ እፍ ብላ ቴሌቪዥኑን በቶቧ ጫፍ ጠረገችው፣ ቁልፉ እንደተቋጠረ፣ ጠንከር አድርጋ።

ስወርድ ማማ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማለች። ጭረቱ ከጥግ ተነስቶ መሃል ድረስ ነጭ ሆኖ ይታያል።

"ማነው?" አለች።

እትዬ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ግን ከእኔ አልፎ በሩን ነበር የሚያየው።

"እሷ ናት" አለች በዐረብኛ። "አዲስ ናት፣ አታውቅም።"

ማማ ግን እትዬን አተኩራ አየቻት። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ነይ ሐቦባ፣ የተጫረው የት ላይ ነው? ጣትሽን አስቀምጪበት" አለቻት።

እትዬ ተጠጋች። ጣቷን አስቀመጠች፤ ባዶው ላይ። አንደኛዋ ልጅ ፍርፍር ብላ ሳቀች። "ቀዝቃዛ ነው" አለቻት፤ የልጆች የመደባበቅ ጨዋታ ነው፤ ከተደበቀው ሲርቁ ቀዝቃዛ፣ ሲቀርቡ ሞቀ ይባላል፣ ያስተማረቻቸውም እትዬ ናት። እትዬ እጇን ወደ ቀኝ ወሰደች። "በጣም ቀዝቃዛ" አለች ሌላዋ፣ ስልኳን አንስታ እየቀረጸች። እትዬ በሁለቱም እጆቿ መስታወቱን መዳበስ ጀመረች። ክንዷን ልይዝ ስጠጋ ማማ፣ "አንቺ አትንኪያት" አለችኝ። ልጆቹ "ሞቀ፣ ሞቀ" እያሉ ጭረቱን አሳለፏት፣ መለሷትም። ሲሰለቻቸው ማማ፣ "ኸላስ" አለች። በቃ ማለት ነው። የቶቡን ቋጠሮ ራሷ ፈትታ ቁልፉን ወሰደች።

እትዬ ልብሷን ልትሰበስብ ገባች። እኔን ማማ ብሩሹን አስያዘችኝ። "የእጇን ምልክት አጥፊልኝ፣ እንግዶቹ ሊደርሱ ነው" አለችኝ። የእትዬ ጣቶች መስታወቱ ላይ በሙሉ ነበሩ። እንደተማርኩት አራግፌ፣ አርጥቤ፣ ሳልጫን ጠረግኋቸው። ጭረቱ ብቻ ቀረ።

ጨርሼ ስወጣ እትዬ ሄዳለች፤ ሮጬ ዋናው መንገድ ላይ ደረስኩባት። ወደ ካላክላ ሰፈር የሚሄደው ሀፍላ፣ አውቶቡሱ ማለት ነው፣ የሚቆምበት ጋ ፌስታሏን አቅፋ ቆማለች። መኪና እያለፈ ስለነበር እጇን ያዝኩት።

"እጄን ልቀቂ" አለችኝ። "ሀፍላውን በረዳቱ ጥሪ አውቀዋለሁ። ሂጂ ግቢ፣ ሰዎችሽ ይጠሩሻል።"