የጦይባ መህር

ያ የስፌት መኪና ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ቡሬ ላይ ገና ፀሐይ የበርበሬው ስጥ ላይ ሳታርፍ፣ ከጭቃው ግድግዳ ማዶ «ትርርር» ይላል፤ ቆም ይላል፤ ደግሞ «ትርርር» ይላል። ቆም ሲል ጦይባ ክሯን በጥርሷ እየበጠሰች ነው። እኛ ክርስቲያኖች፣ እነሱ ሙስሊሞች፤ ግድግዳችን ግን አንድ ነበር።

መኪናዋ መህሯ ነበረች። ኒካህ ሲታሰር ባል ለሚስቱ የሚሰጣት፣ ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ እጁን የማያሳርፍበት የግል ሀብቷ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት፤ እኔም ቀንቼባት ነበር።

ባሏ እንድሪስ በርበሬ ነጋዴ ነው። ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ማንኩሳ ላይ ሁለተኛ ሚስት አገባ። ጦይባ አላኮረፈችም። «ሃይማኖቱ ፈቅዶለታል፤ ግን እኩል አድርግ ብሎታል» አለች። እኩል ማድረጉ ቀርቶ ዱቄት እንኳ መላክ ተወ። እሷ እየሰፋች ልጆቿን አበላች። አንድ ቀን ለቅሶ ደርሳ ብትመለስ ጠረጴዛው ባዶ ነው። እንድሪስ መኪናዋን በጋሪ ጭኖ ለአዲሲቱ ሚስቱ ወስዶላታል!

አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

የሙስሊሞቹን የጋብቻ ክርክር የሚዳኙት ሸህ ኑርየ ዘንድ ከሰሰችው፤ አብሬያት ሄድኩ። ከኒካሁ ምስክሮች አንዱ ሞተዋል። የቀሩት የእንድሪስ አጎት ሐጂ ይመር ናቸው። ጦይባ የሰፋችላቸውን ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ተቀምጠዋል።

«የገዛኋት እኔ፤ የገዛኋትም ለቤቴ» አለ እንድሪስ።

«ቤትህ የት ሆነና?» አለችው።

«ሰማችኋት? መኪና ታቅፋ ልትኖር ነው!»

«አንተን ከመጠበቅስ እሷ ትሻላለች። ጨርቅ ሲሰጧት ትሰፋለች።»

ሸሁ ሳቃቸውን ዋጡ። «ሐጂ፣ በመህር ተሰጥታለች ወይስ አልተሰጠችም? ምስክር ካጣች እንድሪስ ይምላል፤ ከማለ መኪናዋ ማንኩሳ ቀረች።»

«እምላለሁ!» አለ እንድሪስ እጁን አንሥቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ሐጂ ይመር መቁጠሪያቸውን ያንከባልላሉ። «እንግዲህ... ባልና ሚስት ናቸው፤ እቤታቸው ቢስማሙ...»

ጦይባ ፊታቸው ተንበረከከች። «አባባ፣ ያን ቀን እጄን መኪናዋ ላይ አስቀምጠው፣ ‹ይቺ ያንቺ ናት፤ ማንም አይነካብሽም› ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያሉትን ብቻ ይድገሙልኝ።»

ሐጂ ዓይናቸውን ከመቁጠሪያቸው አላነሡም። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ሃይማኖቱ የሰጣትን መብት አንድ የሥጋ ዘመድ በዝምታ ይቀማታል? የለበሱት ልብስ ስፌቱ እንኳ አያሳፍራቸውም?

«አዎ ወይም አይደለም ይበሉ፣ ሐጂ» አሉ ሸሁ።

አዎ አላሉም፤ አይደለምም አላሉ። ጦይባን ያለ ምስክር ትተው፣ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡ። በዚያ ቤት ሰላምታ ሳይሰጥ የሚገባም የሚወጣም ሰው አይቼ አላውቅም። ሐጂ ይመር ደጃፉ ላይ ጫማቸውን በእግራቸው ፈለጉ፤ «አሰላሙ ዓለይኩም» ሳይሉ ወጡ።